ተሻሽሎ ይጸድቃል የተባለው ረቂቅ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 1 ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን መውረድ ነው። ጃንሆይን ጭና የወጣችው ቮልስዋገን፣ በዋዜማው ሌሊት በቴሌቪዥን የታየው የወሎ ረሃብ ፊልም፣ በየአደባባዩ የሚጎርፈው ሕዝብ፤ ይህ ሁሉ ብዙ ተጽፎበታል፣ ብዙም ተወርቶበታል። በዚያው አዋጅ ውስጥ ግን ልብ ብሎ የሚያነሳው ሰው የማይገኝ አንድ ድንጋጌ አለ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት መታገዱን ካስታወቀ በኋላ፣ በመዘጋጀት ላይ ያለው አዲሱ የሕገ መንግሥት ረቂቅ አስፈላጊው ማሻሻያ ተደርጎበት በሥራ ላይ እንደሚውል ቃል ይገባል። ወታደሮቹ ራሳቸው፣ በመጀመሪያው አዋጃቸው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው የገቡት ቃል ነው። ረቂቁ ግን አልተሻሻለም፣ አልጸደቀም። አገሪቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ 13 ዓመት ሙሉ ያለ ሕገ መንግሥት ኖረች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስለ 1966 ዓ.ም. ስናወራ ወይ "ምን የመሰለ ንጉሥ አጣን" እንላለን፣ ወይ "ምን የመሰለ አብዮት ተነጠቅን" እንላለን። በሁለቱ መካከል የነበረውን፣ በወረቀት ላይ ሰፍሮ በእጃችን የገባውንና በእጃችን ሳለ ያመለጠንን ግን አናነሳም። ያመለጠን ሕገ መንግሥትን በሕግ መለወጥ የምንችልበት ዕድል ነው። አንድ ትውልድ ሳይገዳደል፣ ያለውን ሕግ ሳይቀድ፣ የጎደለውን ሞልቶ፣ የተጣመመውን አቅንቶ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስረክብበት ዕድል ነበር። እንደዚያ ያለ ጊዜ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም።

አዋጁን ጠጋ ብሎ ላነበበው ሰው፣ ዕድሉ በዚያው ቀን መሞት እንደ ጀመረ ይታየዋል። ረቂቁ ይጸድቃል የሚለው ተስፋ በሰፈረበት አዋጅ ውስጥ ፓርላማው ተበትኗል፤ የሥራ ማቆም አድማና ያለ ፈቃድ የሚደረግ ሰልፍ ተከልክሏል፤ "ኢትዮጵያ ትቅደም" የሚለውን ዓላማ የሚቃወም ሰው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የፍርድ ቤቱም ውሳኔ ይግባኝ የለውም። እንግዲህ ረቂቁን ማን ያሻሽለዋል? ፓርላማው የለም። በረቂቁ ላይ ሐሳብ ልስጥ ብሎ አደባባይ የሚወጣ ዜጋ ወንጀለኛ ሆኗል። ቃሉን የሰጠው ወገን ቃሉን የሚያስፈጽሙትን ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ አጠፋቸው። ያን ዕለት ግን ይህን ያስተዋለ ሰው ብዙ አልነበረም። አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት እልል ይል ነበር።

ረቂቁ ከየት መጣ? የካቲት 1966 አዲስ አበባ በአንድ ጊዜ ነበር የነደደችው። የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ የትምህርት ዘርፍ ክለሳ የተባለውን ዕቅድ የተቃወሙ መምህራን አድማ መቱ፤ በጥር በነገሌ ቦረና ማመፅ የጀመረው ወታደርም በደመወዙና በአለቆቹ ላይ እስከ አስመራ ድረስ አመፀ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የካቲት 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ማዘዛቸውን ለሕዝብ ገለጹ። ከሁለት ቀን በኋላ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ረቂቁን የሚያዘጋጅ ጉባኤ ተሰየመ፤ የተሰጠውም ጊዜ ስድስት ወር ነበር። ክረምቱ ሳያልቅ ረቂቁ ደረሰ።

በውስጡ የነበረው ዛሬ ያነበበውን ሰው ያስደንቃል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ንጉሡ ሳይሆን ፓርላማው ነው፤ ተጠያቂነቱም ለፓርላማው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሉዓላዊ ገዥ መሆናቸው ቀርቶ የአገሪቱ ምልክት ብቻ ይሆናሉ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያያሉ። የዜጎች መብት ከ1948ቱ በሰፋ ሁኔታ ይቀመጣል። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑ ሁሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ይመነጭ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም እሳቸው ነበሩ። ከዚያ እስከዚህ ያለውን መንገድ ስድስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ መጓዝ ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለ ሃይማኖቱ አንቀጽ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀውን ሰልፍ አየች። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ወንድሞቻቸውና ተማሪዎች ተቀላቅለዋቸው፣ የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ። በዓሎቻችን እንደ ሌሎቹ በዓላት ይከበሩ፣ በመንግሥት ሥራና በአገር ጉዳይ እኩል እንታይ፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ አሉ። ጥያቄው አገር ይፍረስ የሚል አልነበረም። በሕግ ፊት እኩል እንሁን የሚል ነበር። ከዚያ ሰልፍ ጥቂት ወራት በኋላ በወጣው ረቂቅ ላይ፣ በመንገድ ላይ የተጠየቀው ነገር በአንቀጽ ተጽፎ ተገኘ። በአገራችን ታሪክ ሕዝብ በሰልፍ የጠየቀው መብት በዚያ ፍጥነት በሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ የሰፈረበት ሌላ ጊዜ እኔ አላውቅም።

ያ አንቀጽ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ የመንግሥትን እጅ ከሁለቱም ወገን፣ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም፣ በሕግ ያነሳ ነበር። አልጸደቀም። ወታደሮቹ ያቋቋሙት ደርግ የሙስሊሞችን በዓላት የሕዝብ በዓል አደረገ፤ ይህ መልካም ሥራ ነበር፣ አይካድም። ያደረገው ግን በትእዛዝ ነው፤ በትእዛዝ የተሰጠን ነገር ደግሞ የሰጠው እጅ ባሻው ጊዜ ሊወስደው ይችላል። ቤተ ክርስቲያኒቱንም ከመንግሥት ለያት፤ ለያትና ፓትርያርኳን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። በ1971 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስም፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ያለ ፍርድ ተገደሉ። ሁለቱም የት እንደ ወደቁ ቤተሰቦቻቸውና ምእመናኖቻቸው ያወቁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ሚያዝያ ላይ የጠየቅነው ከሃይማኖት እጁን የሚያነሳ መንግሥት ነበር። ያገኘነው በሃይማኖት ሰዎች አንገት ላይ እጁን የሚያሳርፍ መንግሥት ሆነ።

ጥፋቱ የወታደሮቹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጭቱ ይቀለኝ ነበር። ወታደር ሥልጣን ነጠቀ ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ወታደር በየአገሩ ሥልጣን ይነጥቃል። አንጀት የሚያሳርረው፣ ዕድሉን ያባከንነው ሁላችንም፣ እያንዳንዳችን በየተራችን መሆናችን ነው።

ጃንሆይ 18 ዓመት ነበራቸው። ከጥቅምት 1948 ጀምሮ ያ ሕገ መንግሥት በእጃቸው ነበር፤ በውስጡም ራሱን የሚያሻሽልበት በር ነበረው። አንቀጽ 131 ሕገ መንግሥቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች ድምፅና በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የሚሻሻልበትን መንገድ ያሳያል። በታኅሣሥ 1953 የራሳቸው የክብር ዘበኛ በተነሳባቸው ጊዜ፣ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ አገሪቱ ምን እየጠየቀች እንደሆነ ለመስማት ከዚያ የበለጠ ጩኸት አያስፈልግም ነበር። ያን ጊዜ በሩን ከፍተውት ቢሆን ማን ይከለክላቸው ነበር? በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን ራሱ መርጦ እንዲያቀርብ ፈቀዱ። መልካም። ግን በትእዛዝ ነው የፈቀዱት፤ ሕገ መንግሥቱ እንዳለ ቀረ፣ ሥልጣኑም እዚያው የነበረበት ቦታ ቀረ። 13 ዓመት ካባከኑ በኋላ፣ ወታደሩ ካመፀ፣ ታክሲው ከቆመ፣ ካቢኔው ከወደቀ በኋላ፣ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል አሉ። በ1954 ዓ.ም. ብለውት ቢሆን የሚያስመሰግናቸው ነገር በ1966 ዓ.ም. የፍርሃት ምልክት ሆኖ ታየባቸው። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።

ፓርላማውስ? በዚያ ሕገ መንግሥት መሠረት ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ወኪሎቹን በቀጥታ መረጠ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ወረቀቱ ሕይወት ሊኖረው እንደሚችል ያሳየ ነገር ነበር። ያው ፓርላማ ግን የባለ መሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት የሚያስተካክለውን ረቂቅ ሕግ ለዓመታት አንቆ ያዘው። ከምርቱ ገሚሱን ለባለ መሬት የሚገፈግፍ ገበሬ፣ ንብረትህ በሕግ የተጠበቀ ነው የሚል አንቀጽ ቢያነቡለት ምን ይለዋል? የመሬት ሕጉ በፓርላማው አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመጣው የመሬት ለውጥ በሕግ፣ በክርክር፣ በካሳም ሊመጣ ይችል ነበር። ሕዝቡ ከወረቀት ይልቅ ጠመንጃን እንዲያምን ያስተማረው ይህ እንቢታ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ስለ ተማሪዎቹና ስለ ምሁራኑ መናገር ነው። "መሬት ላራሹ" ብለው ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የተደበደቡ፣ የታሰሩ፣ የተባረሩ ልጆች ነበሩ። ለዚያች አገር ከእነርሱ የበለጠ የተቆረቆረ አልነበረም። ረቂቁ ሲመጣ ግን ገልብጠው እንኳ ሊያዩት አልፈለጉም። ለሥርዓቱ ዕድሜ መቀጠያ ነው አሉት። የጠየቁት ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ነበር፤ የግራ ቡድኖቹ ልሳኖች "ዲሞክራሲያ"ም ሆነ "የሰፊው ሕዝብ ድምፅ" በረቂቁ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ አልነበራቸውም። ለምን እንዳልተቀበሉት ይገባኛል። 18 ዓመት የተገባ ቃል ሲታጠፍ ያየ ሰው የመጨረሻውን ቃል እንዴት ያምናል? ነገር ግን በዚያ ረቂቅ ውስጥ የነበሩት መብቶች፣ በነጻ የመናገርና የመሰብሰብ፣ ያለ ፍርድ ያለመታሰርና ያለመገደል መብት፣ ከማንም በላይ የሚያስፈልጉት ለእነርሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በየመንገዱ ተገድለው በደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ የተጣሉት፣ ወላጆቻቸው የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉት እነርሱ ናቸው። ይህን ሳስብ ከቁጭት አልፎ እንባ ይመጣብኛል።

አንድ ቁጥር ላንሳ። አርባ ስምንት ሰዓት። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 የተያዘ ሰው ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ በዳኛ ፊት መቅረብ ነበረበት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህንኑ በአንቀጽ 29 ደገመው፤ ፖሊሱ እንዲያውቀው፣ ዳኛውም እንዲጠይቅበት። አሠራሩ ቀላል ነው። የታሰረው ሰው ቀርቦ ስሙን ይናገራል፤ ፖሊስ ለምን እንደያዘው ያስረዳል፤ ዳኛው ወይ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ወይ በዋስ ይለቃል፣ ወይ ክሱ መሠረት የለውም ይላል። ያን ጊዜም ቢሆን ሁልጊዜ አልተከበረም፤ ንጉሡን የተቃወመ ሰው ወደ ሩቅ አውራጃ በግዞት ይላክ ነበር። ቢሆንም አንቀጹ ነበረ። ጠበቃ ሊጠቅሰው፣ ዳኛ ሊፈርድበት፣ እናት ልጄን የት አደረሳችሁት ብላ ልትጠይቅበት የምትችለው ነገር በሕግ ተጽፎ ነበር።

አሁን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ላይ እንምጣ። በዚያ ምሽት ስልሳ ያህል ሰዎች፣ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች፣ መሳፍንትና መኳንንት፣ ከእነርሱም ጋር ጥቂት ወታደሮች፣ በከርቸሌ እስር ቤት በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። አብዛኞቹ ባለሥልጣናት ለወራት ታስረው ነበር። ጉዳያቸውን የሚመረምር መርማሪ ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቁሞ ሥራው ላይ ነበር፤ ምርመራውን ግን አልጨረሰም። ዳኛ አልጠየቃቸውም። ክስ አልተነበበላቸውም። የደርግ አባላት ተሰብስበው፣ ስም እየተጠራ እጅ እያወጡ ወሰኑባቸው፤ በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሬዲዮኑ "ፖለቲካዊ ውሳኔ" ብሎ ነገረን። "ያለ ምንም ደም" ሲባል የከረመው መፈክር በዚያች ሌሊት አበቃ። ከጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ወደ ኋላ ሄዶ የሚቀጣ አዋጅ፣ የታገደው ሕገ መንግሥት ይከለክለው የነበረውን ዓይነት ነገር።

ከተገደሉት አንዱ ረቂቁ ሲጀመር ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ናቸው። ሌላው ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። አክሊሉ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ማንም ሰው ያለ ሕግ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን አያጣም የሚለው አንቀጽ 43 ሲጻፍ እሳቸው ከጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ። በመንግሥታቸው ጊዜ ለተፈጸመው በደል፣ በወሎ ላለቀው ሕዝብ፣ መልስ መስጠት ነበረባቸው፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም። መልስ የሚሰጥበት ቦታ ግን ፍርድ ቤት ነበር። ያለ ፍርድ በመገደላቸው እሳቸው ሕይወታቸውን አጡ፤ እኛ ደግሞ የወሎን እውነት በፍርድ ቤት፣ በምስክርና በሰነድ ተመዝግቦ የምናገኝበትን ዕድል አጣን። እስከዛሬ ስለ ረሃቡ ጥፋተኝነት የምንከራከረው በወሬ የሆነው ለዚህ ነው።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ስለ ረቂቁ የተነሳ ነገር የለም። ቃሉን ያፈረሰ ሌላ አዋጅ እንኳ አላስፈለገም፤ ተረሳ።

ሌሎች ሕዝቦች ከእኛ የተሻለ ልብ ስላላቸው አይደለም ሕገ መንግሥታቸው የቆየው። አሜሪካኖች ባርነትን የፈቀደ ሕገ መንግሥት ነበራቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1791 አስር ማሻሻያዎችን ጨምረው የመናገርን፣ የእምነትን፣ በፍትሕ የመዳኘትን መብት አሰፈሩ። ባርነትን ለማጥፋት አስከፊ የርስ በርስ ጦርነት አስፈለጋቸው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ወረቀቱን አልቀደዱትም። በ1865 ባርነትን የሚከለክል፣ በ1868 ደግሞ በአገሪቱ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው፣ በሕግም እኩል ይጠበቃል የሚል ማሻሻያ ጨመሩበት። ከዚያ በኋላ ያ ማሻሻያ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ተረገጠ፤ ጥቁሩ በምርጫ ጣቢያ በር ላይ ተባረረ፣ በዛፍ ላይ ተሰቀለ። ቢሆንም አንቀጹ ተጽፎ ቆየ። በ1954 የጥቁርና የነጭ ልጆች በተለያየ ትምህርት ቤት ይማሩ የሚለውን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲጥለው የጠቀሰው ያንኑ የ1868ቱን ማሻሻያ ነበር። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚወለዱ የሐበሻ ልጆች ከተወለዱባት ቀን ጀምሮ ዜጋ የሚሆኑትም በዚያው አንቀጽ ነው፤ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ያለ ሕገ መንግሥት ከቀረች አገር ሸሽተው የሄዱ ናቸው። ያልተከበረ መብት እንኳ ተጽፎ ከቆየ አንድ ቀን የሚያነሳው ሰው ያገኛል። የተቀደደ ወረቀት ግን ማን ያነሳዋል?

እኛ ከመቅደድ አልወጣንም። በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ቆይቶ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ወደቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የሽግግር መንግሥቱ ቻርተር መጣ፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ደግሞ አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ጸደቀ። እያንዳንዱ መንግሥት ከዜሮ ጀመረ። እያንዳንዱ ከእኔ በፊት ሕግ አልነበረም አለ። በዚህ ምክንያት በ1948 ዓ.ም. የነበረን መብት በ1968 ዓ.ም. አልነበረንም፤ በ1987 ዓ.ም. እንደ አዲስ ግኝት ተሰጠን። የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። አርባ ዓመት ያህል ዞረን፣ ያን ሁሉ ደም አፍስሰን፣ የደረስነው የተነሳንበት ቁጥር ላይ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሚሻሻልበት በርም አለው። አንቀጽ 104 እና 105። በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩት መብቶች፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያሉት፣ የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቁት፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም በየበኩላቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉት ብቻ ነው። ጠባብ በር ነው፤ መብት ላይ ሲሆን ጠባብ መሆኑ ተገቢ ነው እላለሁ። ሌሎቹ አንቀጾች ትንሽ ሰፋ ባለ በር ይሻሻላሉ። በዚህ በር ግን በወጉ የገባ ሰው እስካሁን አላየንም። ስለ ሕዝብ ቆጠራና ስለ ጋራ ግብር ተደረጉ የተባሉት ማሻሻያዎች በነጋሪት ጋዜጣ ወጥተው ሕዝብ አላነበባቸውም፤ የሕግ ሰዎች እስከዛሬ ይከራከሩባቸዋል።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በሩ ፊት ለፊታችን ተከፈተ። ኮሮና መጥቶ ምርጫው በጊዜው እንደማይካሄድ ሲታወቅ መንግሥት አራት አማራጮች አቀረበ፤ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥት ማሻሻል፣ ሕገ መንግሥት ማስተርጎም። የተመረጠው ትርጓሜው ሆነ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ወሰነ። ትርጓሜ ሕጋዊ መንገድ አይደለም ብዬ አልከራከርም። የሚቆጨኝ ግን ያን ጊዜ ሁሉም ክልሎች፣ ተቃዋሚው፣ ሕዝቡም በአንድ ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ላይ እንዲነጋገሩ የሚያስገድድ መንገድ በእጃችን የነበረ መሆኑ ነው። በሁሉም የክልል ምክር ቤቶች ጠረጴዛ ላይ አንድ ጥያቄ፣ በአንድ ጊዜ። አልሞከርነውም። ትግራይ የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። ማሻሻያው ጦርነቱን ያስቀር ነበር ብዬ አልምልም። ሳንሞክረው ግን ያን ሁሉ ወጣት ቀበርን።

ዛሬም ስለ ሕገ መንግሥቱ የምንነጋገርበት ቋንቋ የ1967ቱ ቋንቋ ነው። አንዱ ወገን ነጥብ አይነካብኝ ይላል፤ ሌላው ከሥሩ ይነቀል ይላል። የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ሲቋቋም፣ ከሚነሱት ጉዳዮች አንዱ ይኸው ሕገ መንግሥት እንደሚሆን የማይጠብቅ ሰው አልነበረም። ለኮሚሽኑም፣ በየመድረኩ ለሚቀመጡ ወገኖችም የምለው አንድ ነው። የምትስማሙበትን ማንኛውንም ለውጥ በአንቀጽ 105 በር አስገቡት። ከመብቶቹ አንዱንም እንኳ ለአንድ ቀን አታግዱ። የ1966ቱን ረቂቅም ከመዝገብ ቤት አውጥታችሁ በሕግ ትምህርት ቤቶች አስነብቡት፤ እነዚያ ሰዎች ስድስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የሠሩትን እኛ ስንት ዓመት እንደፈጀብን ይታይ።

አንተም፣ አንቺም፣ ይህ ሕገ መንግሥት ይቀደድ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትሳደቡ። አዲሱ እስኪጻፍና እስኪጸድቅ ድረስ፣ ዛሬ ማታ ከቤቱ የተወሰደ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት የሚቀርበው በየትኛው ሕግ እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን ሳትሰሙ ድምፃችሁን አትስጡት።